የቼክን ቴአትር በስርዓተ ጾታ ዓይን ለማጥናት ከአንድ ስኒ ቡና መነሣት ይበቃል ወይ?

ጥያቄ፦ የኮዬ ፈጬዋ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ስለ ተውኔት የምትጽፉ ታላላቆቼና እኩዮቼ፣ ምክራችሁን ፈልጌ መጥቻለሁ። የቴአትር ጥበባት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ያስገባሁት ርእስ «ቴአትር፣ ክዋኔ፣ ስርዓተ ጾታና ማኅበረሰብ በቼክ ባህል» የሚል ነበር፤ ክዋኔ ስል በመድረክም ከመድረክ ውጭም በተመልካች ፊት የሚከወነውን ሁሉ ማለቴ ነው። አማካሪዬ ንድፈ ጥናቱን ካነበቡ በኋላ «ይህ የአንድ ተማሪ ሳይሆን የአንድ ትምህርት ክፍል የዓሥር ዓመት ሥራ ነው፤ አጥብበሽ አምጪ» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ሌላ ገምጋሚ መምህር ግን «የራሳችን ስንት ያልተጠና ነገር እያለ ቼክ አገር ምን ወሰደሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ ያኔ መልስ ያጣሁለት ይህ ጥያቄ ማለዳ ከኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ስሳፈር እስከ ዛሬ አብሮኝ ይሳፈራል።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ተውኔት ነው። የወንድማማቾቹ የአሎይስና የቪሌም ምርሽቲክ ድርሰት የሆነው «ማሪሻ» ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1894 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ነው። ታሪኩ በሞራቪያ፣ ማለትም በቼክ አገር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ገጠር ያለ ነው። ሊዛል የተባለ ባለጸጋ ገበሬ፣ ልጁ ማሪሻ ለውትድርና የተመለመለውን ድሀውን ፍራንጼክን እንደምትወድ እያወቀ፣ ቫቭራ ለተባለ ሚስቱ ለሞተችበትና ልጆች ላሉት ባለወፍጮ በግድ ይድራታል። ፍራንጼክ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ አብረን እንሂድ ቢላትም እሷ ትዳሬን ጥዬ አልሄድም ትላለች። ባልዋ ግን ድብደባውን አይተውም፤ ፍራንጼክንም ሊገድል ጠመንጃ አንሥቶ ይወጣል። በመጨረሻው ገቢር ማሪሻ መርዝ የጨመረችበትን ቡና ታቀርብለታለች። እሱም ጣዕሙ እንግዳ ሆኖበት ቡናውን ከየት እንደገዛችው ይጠይቃታል።

ይህን ትዕይንት በኮምፒውተር ትርጉም እየታገዝኩ ወደ አማርኛ መልሼው፣ ባለፈው ጥር በኮንዶሚኒየማችን አጠገብ ባለው የወጣቶች ማዕከል ከድራማ ክበቡ ልጆች ጋር በንባብ መልክ አቀረብነው። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሠላሳ የማይበልጡ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉት፤ ከተመልካቹ የሚበዙት የተዋናዮቹ እናቶችና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ጀበናውን ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ተውሼ ነበር። ማሪሻን የተጫወተችው ልጅ ቡናውን ቀድታ ከሰጠች በኋላ እንድትቀመጥ ነግሬያት ነበር፤ እሷ ግን ጀበናውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ስኒው ባዶ እስኪሆንም ዓይኗን ከስኒው አልነቀለችም። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ በሁለተኛው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «አቦሉ ላይ ነው ቶናው ላይ የጨመረችው? እሷስ ሳትቀምስ እንዴት አምኗት ጠጣ?» አሉ። ከጎናቸው ያሉት ሴቶችም ተቀብለዋቸው መከራከር ጀመሩ፤ ትዕይንቱ ካበቃ በኋላም ክርክሩ እስከ ደጅ ድረስ ቀጠለ።

እኔ ስለ ግዳጅ ጋብቻ ይወያያሉ ብዬ ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር። እነሱ የተወያዩት ግን ስለ ቡናው ነው። ያዘጋጀሁትን ወረቀት ሳልገልጠው ወደ ቤቴ ይዤው ተመለስኩ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ጥናቴን በምን ላቆመው? ቼክኛ ሳላውቅ፣ ከኮምፒውተር ባገኘሁት ትርጉም ላይ ተመሥርቼ ስለ ስርዓተ ጾታ መጻፍ ለሳይንሱ ታማኝ መሆን ነው ወይ? (ትርጉሙ ማሪሻን አንዳንድ ቦታ «አንተ» እያለ ይጠራታል፤ እኔ በገባኝ መጠን አርሜዋለሁ።) ለእነዚያ ገምጋሚ መምህርስ ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ 1፦ ጽሑፈ ተውኔት አስተማሪ

ውድ እህቴ፣ ያቺ እናት ያነሡት ጥያቄ የጥናትሽ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በንድፈ ጥናትሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ጠላና ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመሱ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ቡናም ቢሆን አፍይዋ ከጎረቤቶቿ ጋር ከአንድ ጀበና የምትጠጣው ነው። ስለዚህ የኮዬ ተመልካች ለብቻው ተቀምጦ፣ ማንም ሳይቀምስለት፣ ሚስቱ ያቀረበችለትን የሚጠጣ ባል ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው ወንጀሉ ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው። በዚያ ቤት ሴትየዋ ታፈላለች እንጂ አብራ አትጠጣም። ይህ ስለ ቫቭራ ቤት የሚነግረን ነገር ብዙ ነው፤ ሲበድላት የኖረው ሰው የምታቀርብለትን ሳይጠራጠር የሚጠጣውም የሚስትነት አገልግሎቷን እንደ ውኃና እንደ አየር ስለቆጠረው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «የእነሱም እንደ እኛ ነው» በሚለው ድምዳሜ እንዳትሳቢ አደራ። በ«ማሪሻ» ውስጥ ጋብቻውን የሚያስረው የመሬት፣ የጥሎሽና የዕዳ ስሌት ነው፤ አባትየው ሊዛል ኋላ ተጸጽቶ ልጁን ወደ ቤቱ ሊመልሳት ሲፈልግ እንኳ ከአማቹ ጋር የሚጋጨው ስለ ገንዘብም ጭምር ነው። እኛ ዘንድ በመድረክ ከቀረቡት የጋብቻ ተውኔቶች በጣም የሚታወቀው የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ጠለፋን በኮሜዲ ያየ ነው። በአንዱ አገር ሴት ያለ ፈቃዷ መዳሯ በአሳዛኝ ተውኔት፣ በሌላው በሣቅ ለምን ቀረበ? ይህ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ኮሜዲው ነገሩን አቅልሎታል ወይስ ሣቁ በጠላፊው ላይ እንዲወድቅ አድርጎ ሥልጣኑን ገፎታል? እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ አንቺ ግን ጽሑፉን መርምረሽ ፍረጂ።

ሁለተኛው የማሳስብሽ ነገር ተውኔቱ የታየበትን ቤት ነው። የፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ተራ አዳራሽ አይደለም። ቼኮች በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር በነበሩበት ዘመን፣ የጀርመንኛ ቋንቋ የበላይነት በነገሠባት ከተማ፣ ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ የሠሩት ቤት ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ በሰኔ 1881 ተከፈተ፣ በነሐሴ ተቃጠለ፣ ሕዝቡ እንደገና አዋጥቶ በኅዳር 1883 በቼኩ የሙዚቃ ደራሲ በስሜታና ኦፔራ በ«ሊቡሼ» ዳግም ተከፈተ። ከመድረኩ በላይ «ናሮድ ሶቤ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ «ሕዝብ ለራሱ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ለራሱ ያለውን ቤት በገዛ ገንዘቡ የሠራ ሕዝብ፣ ቤቱ ከተከፈተ ዓሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው የገጠር ሴት በገዛ ቤቷ ስትደበደብ እንዲያይ ተደረገ። «ራሱ» በሚለው ቃል ውስጥ ማሪሻ አለች ወይስ የለችም? የከተማው ተመልካች የገጠሯን ሴት የሚያያት እንደ ሰው ነው ወይስ እንደ ብሔር ምልክት? በልብሷና በዘፈኗ የብሔሩ ጌጥ የተደረገች ሴት፣ አፏን ስትከፍት የምትናገረው የብሔሩን ነውር ሲሆን ምን ይፈጠራል?

እዚህ ላይ ጋብሪዬላ ፕራይሶቫን ከዘለልሻት ጥናትሽ ጎዶሎ ይሆናል። ፕራይሶቫ (1862–1946) በሞራቪያዋ ሆዶኒን የኖረች ደራሲ ናት። «ዬዪ ፓስቶርኪኛ» የተባለው ተውኔቷ በዚያው ቤት የታየው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፤ ከ«ማሪሻ» አራት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። በዚያ ተውኔት አንዲት የተከበረች ሴት ያለ ጋብቻ የወለደችውን የእንጀራ ልጇን ከሐሜት ለማዳን ብላ ሕፃኑን በወንዝ በረዶ ሥር ትጥለዋለች። ተውኔቱ ጭካኔ በዛበት ተብሎ ተነቅፎ ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ሌኦሽ ያናቼክ ግን ወደ ኦፔራ መለሰውና እ.ኤ.አ. በ1904 በሞራቪያዋ ከተማ በብርኖ ታየ። የርእሱን ዕጣ ልብ በዪ፤ የቼክኛው ትርጉም «የእንጀራ ልጅዋ» ማለት ነው፤ ዓይናችንን ወደ አሳዳጊዋ እንድናዞር ያስገድዳል፤ ኦፔራው በውጭ አገር የሚጠራው ግን በልጅቱ ስም «የኑፋ» ተብሎ ነው። ሴት የጻፈችው ርእስ የአሳዳጊዋን ሴት ኃላፊነት ሲጠይቅ፣ ዓለም የመረጠው ርእስ የተበደለችውን ቆንጆ ልጅ ስም ነው። ወንዶች ከጻፏት ማሪሻ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ብታነቢያቸው ጥበቱም ጥልቀቱም ይገኛል።

ለገምጋሚው መምህር ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ የመጀመሪያዎቹ የመድረክ ሰዎቻችን በሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት የሴት ገጸ ባሕርያትን በወንዶች ያስጫውቱ ነበር፤ ያንን ታሪካችንን በቅጡ ለመጠየቅ ሌሎች እንዴት እንደተጠየቁ ማየት ይጠቅመናል።

መልስ 2፦ የሰበታው ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ የቴአትር ሰው አይደለሁም፤ መሐንዲስ ነበርኩ። በደርግ ዘመን በስኮላርሺፕ ወደ ቼኮስሎቫኪያ ከሄዱት አንዱ ስሆን የተማርኩት በብርኖ ነው፤ የብሬን መትረየስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከዚህች ከተማ ስም የመጡ ናቸው፤ የጦር ሜዳ አባቶቻችን ስሟን ሳያውቁ ያውቋታል ማለት ነው። ስለ ቋንቋው ስለ ጠየቅሽ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የኮምፒውተሩ ትርጉም ማሪሻን «አንተ» ያላት ከቼክኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ በእንግሊዝኛ በኩል ስለሚያልፍ ይመስለኛል። እንግሊዝኛ በግሡ ላይ ጾታ አያሳይም። ቼክኛና አማርኛ ግን ያሳያሉ፤ የሚያሳዩበት ቦታ ግን ለየቅል ነው፤ ለአንቺ ጥናት ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»፣ «እሱ መጣ» እና «እሷ መጣች» እንላለን፤ ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር ግን ወንድም ሴትም «መጣሁ» ነው። በቼክኛ በተቃራኒው፣ ስለ ኃላፊ ጊዜ ሲነገር ተናጋሪው ስለ ራሱ የሚናገርበት ግሥም ጾታ አለው። ወንድ «ሄድኩ» ሲል «ሼል ይሰም»፣ ሴት «ሄድኩ» ስትል «ሽላ ይሰም» ነው። ማሪሻ በተውኔቱ መጨረሻ ድርጊቷን በገዛ አፏ ስትናገር «መረዝኩት» የሚለው ግሥ ከሴት አፍ ሲወጣ «ኦትራቪላ» ይሆናል፤ ወንድ ቢናገረው «ኦትራቪል» ነበር። አንድ «ላ» የምትባል ቀለም ሴትነቷን ከኑዛዜዋ ጋር አስራ ታወጣዋለች። የአንቺ የአማርኛ ተዋናይት «መረዝኩት» ስትል ያ ቀለም የለም። ምን ተክተሽበታል? ምናልባት ያቺ ልጅ ጀበናውን ይዛ መቆሟ የዚያች ቀለም ምትክ ይሆናል፤ እኔ እንዲህ ብዬ አሰብኩ።

ሌላም ችግር አለ፤ ተውኔቱ የተጻፈው በሞራቪያ ገጠር ዘዬ ነው። እኔ የብርኖ ሰው ነበርኩና ጆሮዬ ትንሽ ለምዶታል፤ የፕራግ መጽሐፍ ቼክኛ ብቻ የተማረ ሰው ግን ይደነቃቀፍበታል። በየአገሩ አማርኛ የተጻፈን ንግግር በዜና አማርኛ ብትመልሺው ምን ያህል ጣዕም እንደሚያጣ አስቢው።

አሁን ስለ «ክዋኔ» ልናገር፤ ይህን ቃል በርእስሽ ሳይ አንድ ነገር ትዝ አለኝና። እ.ኤ.አ. በ1985 ክረምት መግቢያ (በእኛ ሰኔ 1977 ነው) ተማሪዎች ሆነን ወደ ፕራግ ሄደን ስፓርታኪያዳ የተባለውን የጅምላ ጂምናስቲክ በስትራሆቭ ስታዲየም አይተናል። ያ ስታዲየም ከ200 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ነበር። ሜዳው ላይ እያንዳንዱ ሰው የሚቆምባት ምልክት ተደርጋለታለች። ትርኢቱ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በየአምስት ዓመቱ፣ ከ1970 በስተቀር፣ ይደረግ ነበር፤ ሥሩም በ1862 ከተመሠረተው ሶኮል ከተባለ የጂምናስቲክ ማኅበር የመጣ ነው፤ ኮሚኒስት ገዥዎቹ ማኅበሩን አፍነው ትርኢቱን ወረሱት። ትዝ የሚለኝ ምንድን ነው? እናቶች ከትናንሽ ልጆቻቸው ጋር ይወጣሉ፤ ልጃገረዶች «ፖውፓታ»፣ ማለትም «እምቡጦች»፣ የተባለውን ለስላሳ ትርኢት ያሳያሉ፤ ወታደሮቹ ደግሞ እየተወናጨፉ በኃይል ይሠራሉ። በየጋዜጣው ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ይባል ነበር፤ ሴቶችም በእርግጥ በየፋብሪካውና በየላቦራቶሪው ነበሩ። ሜዳው ላይ ግን ሴቷ እናት ወይም እምቡጥ ነበረች፣ ወንዱ ወታደር። ያኔ አጨብጭቤያለሁ፤ ያን ሁሉ ሰው በአንድ ምት ሲንቀሳቀስ አይቶ የማያጨበጭብ አልነበረም። የታዘብኩት ግን ከዓመታት በኋላ፣ እዚህ አብዮት አደባባይ ያየናቸውን ሰልፎች ሳስታውስ ነው።

አንድ ሰው ጨምሬልሽ ላብቃ። ቭላስታ ክራሞስቶቫ የተባለች ታላቅ ተዋናይት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1968 በሶቪየት መሪነት ከተደረገው ወረራ በኋላ ከመድረክ ተከለከለች፤ እሷም በፕራግ የመኖሪያ ቤቷን እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የቴአትር ቤት አደረገችው፤ «ቢቶቬ ዲቫድሎ» ይሉታል፣ የመኖሪያ ቤት ቴአትር ማለት ነው። በ1978 «ማክቤዝ»ን በአጭሩ፣ በጥቂት ተዋናዮች፣ በሳሎን አሳዩ፤ እሷ ሌዲ ማክቤዝን ተጫወተች። የምሥጢር ፖሊስ ይከታተላቸው ነበር። መንግሥት ሰብዓዊ መብት እንዲያከብር በጠየቀው ሰነድ፣ በቻርተር 77 ላይም ፈርማለች። የዚያ ዘመን ታሪክ ሲነገር የቫጽላቭ ሃቬል ስም ይቀድማል፤ በሚገባ ነው፤ ተውኔት ጻፈ፣ ታሠረ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ፕሬዚዳንት ሆነ። ግን ያ ሁሉ ቴአትር ሲዘጋባቸው የተጠለሉት በማን ሳሎን ነበር? አንቺ የምትጽፊው ስለ ሴትና ስለ ቤት ከሆነ ይህ ሊያልፍሽ አይገባም።

መልስ 3፦ ከለገጣፎ

ከላይ የተጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሁላችሁም የምትነሡት ከታተመ ተውኔትና ከትልልቅ መድረኮች ነው። ጠያቂዋ ግን «ክዋኔ» ብላለች፤ ክዋኔ ከሆነ ደግሞ የቼክ ገጠር ራሱ መድረክ ነው። በህሊኔትስኮ አካባቢ ከዐቢይ ጾማቸው በፊት የሚደረገው ማሶፑስት የተባለው የጭምብል በዓል በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጭምብል አድርገው በናስ ሙዚቃ ታጅበው ቤት ለቤት የሚዞሩት ወንዶች ናቸው፤ ያላገቡት ቀይ፣ ያገቡት ጥቁር ጭምብል ይለብሳሉ። በየደጁ ባለቤቱን አስፈቅደው ለቤቱ በረከት ይጨፍራሉ፤ መጨረሻ ላይ ከጭምብሎቹ አንዷን፣ «ባዝራዋን»፣ ኃጢአቷን አንብበው ይገድሏታል፣ ከዚያ በመጠጥ ያስነሷታል። ቤተ ክርስቲያንም ሶሻሊስቱ መንግሥትም በየዘመናቸው ከልክለውት ነበር። የምትፈረድባት እንስት መሆኗን፣ ፈራጆቹ ደግሞ ወንዶች መሆናቸውን እንደ ተራ ነገር ማለፍ አይቻልም። በ2011 የተመዘገበው የቭልችኖቭ መንደር «የንጉሦች ግልቢያ» ደግሞ ከዚህ የሚልቅ ነገር አለው፤ ንጉሡ ገና ልጅ እግር ነው፤ የሴት ልብስ ለብሶ፣ ጽጌረዳ በጥርሱ ነክሶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር በፈረስ ያልፋል፤ ሰይፍ የመዘዙ ወጣቶች ያጅቡታል። ንጉሥ ነው፣ የሴት ልብስ ለብሷል፣ ዝምም ብሏል፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሕፃን ላይ ተገናኝተዋል።

ይህን ስል ከሩቅ አገር ተረት ላስደስታችሁ ብዬ አይደለም። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ እህቴ ደግሞ እዚያው ኮንዶሚኒየም ላይ። ነሐሴ ላይ እሷ ጋ ስሄድ ወንዶቹ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደረጃውን ሲወጡ ዱላቸው የኮሪደሩን ሲሚንቶ ሲመታ ከአራተኛ ፎቅ ይሰማል፤ እንደ ድሮው አፈር ስላልሆነ ድምፁ ሕንፃውን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋል። መስከረም ላይ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ በዚያው ደረጃ ሲወጡ ጭብጨባና ከበሮ ነው። ወንዶቹ አውጣ ብለው በደረቅ ድምፅ ያስገድዳሉ፤ ሴቶቹ መርቀው ይለምናሉ። በየዓመቱ በራችን ላይ የሚደረግ የስርዓተ ጾታ ትምህርት ነው፤ ማንም ትምህርት ብሎ አልጠራውም እንጂ። ከተማሪዎቼ አንዷ ዘንድሮ ከወንድሞቿ ጋር ዱላ ይዛ ለመውጣት ጠይቃ ተከለከለች፤ ያለቀሰችው ለገንዘቡ ሳይሆን ለዱላው እንደሆነ ነግራኛለች።

ስለዚህ ምክሬ ማሪሻን ትተሽ በር ለበር የሚደረገውን ክዋኔ አጥኚ ነው። ለእነዚያ ገምጋሚም መልሱ ቀላል ይሆናል፤ ግማሹ ጥናት እዚሁ ደረጃችን ላይ ነው።

የጠያቂዋ መልስ፦ የኮዬ ፈጬዋ ተማሪ

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለሁለት ቀን ደጋግሜ አንብቤያችኋለሁ።

እትዬ ለገጣፎ፣ ስለ ዱላው የጻፉልኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል፤ ልጅ ሆኜ እኔም ያንን ጠይቄ ነበርና። ሆኖም ማሪሻን አልተዋትም፤ ምክንያቴንም እንዲረዱልኝ እወዳለሁ። በር ለበር የሚደረገውን ክዋኔ በቅጡ ለማጥናት ህሊኔትስኮ ሄዶ በዐይን ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ ያን ማድረግ አልችልም፤ በፎቶግራፍና በቪዲዮ ላይ ተመሥርቼ ስለ ሰው በዓል መፍረድን እፈራለሁ። ማሪሻን ግን እዚሁ በገዛ ሰዎቻችን ገላና ድምፅ አይቻታለሁ።

ስለዚህ ርእሱን እንዲህ አጥብቤዋለሁ፦ በ«ማሪሻ» አምስተኛ ገቢር የሚገኘው የቡና ትዕይንት በአማርኛ ሲተረጎምና በኮዬ ፈጬ ሴቶች ፊት ሲቀርብ ምን ይለወጣል? ቼክ አገርን ሙሉ ለሙሉ አጠናለሁ ማለቴን ትቻለሁ። አንዱ ምዕራፍ ስለ ግሡና ስለዚያች «ላ» ይሆናል። አንዱ ደግሞ ከፕራይሶቫ ተውኔት ጋር በማነጻጸር፣ በወንዶች የተጻፈችው ማሪሻ መርዙን የምትጨምርበት ቤት ከሴት ከተጻፈው ቤት በምን እንደሚለይ ይመረምራል። ሦስተኛው ምዕራፍ የእነዚያ እናቶች ክርክር ነው፤ እሱን ገና በሚገባ አልሰበሰብኩትም። ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ በሦስት አኳኋን ለማቅረብ አስቤያለሁ፤ አንዴ ማሪሻ ቆማ፣ አንዴ ተቀምጣ፣ አንዴ ደግሞ አስቀድማ ለራሷ ስኒ ቀድታ ሳትጠጣው። በሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ምን እንደሚሉ ለማወቅ በጣም ጓጉቻለሁ።

ማሪሻ ቡናው የተገዛው ከአይሁዳዊ ነጋዴ ነው ብላ የምትመልስበት ቦታ አለ፤ ጥርጣሬው በሌላ ሰው ላይ እንዲወድቅ የተደረገበትን ይህን መስመር ለንባቡ ስናዘጋጅ ቆርጬው ነበር። መቁረጤ ስህተት እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ራሷ የተገፋች ሴት ከሷ የባሰ የተገፋን ሰው መከለያ ስታደርግ ማየት ያማል፤ ግን ጽሑፉ ያለው እሱን ነው፤ እመልሰዋለሁ።

ጋሼ ሰበታ፣ አንድ ልመና አለኝ። አምስተኛውን ገቢር በቼክኛው አብረውኝ ቢያነቡልኝ፣ የኮምፒውተሩን ትርጉም መስመር በመስመር ባርመው ደስ ይለኛል። ለሚያወጡት ጊዜ የምከፍለው የለኝም።

መልስ 4፦ የሰበታው ጡረተኛ

ክፍያ አትጥሪብኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጻ ነኝ፤ የቼክኛ መዝገበ ቃላቴ ሽፋኑ ቢለቅም ገጾቹ ሙሉ ናቸው። ከኮዬ ሰበታ ለመምጣት ከተማውን መሻገር ስለሚሆንብሽ መካከል ላይ ሜክሲኮ እንገናኝ። ጽሑፉን በትልቅ ፊደል አሳትመሽ አምጪልኝ፤ ዓይኔ ደክሟል። ያቺ ተዋናይት ልጅም ብትመጣ እወዳለሁ፤ «ላ»ን እንዴት እንደምትናገራት በጆሮዋ ብትሰማው ይሻላል።